የግራ እጅጌ ልኬት

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ሚስቴ «አንተ እኮ የተቆለፈ በር ሦስቴ ትገፋለህ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ እገፋለሁ። ቢቸና ገበያ ዳር ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ይህ ሥራ ደግሞ የሚጠረጥርን ሰው አያሳፍርም። ሰው ስለ ገላው ይዋሻል። ሆዱ ገፍቶ ሳለ ሱሪው በእጥበት ጠበበ ይላል፤ ትከሻው ዘሞ ሳለ ኮቱን አንተ ነህ ያጣመምከው ይላል። እኔ ክርክር አልወድም፤ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ እለካና ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር» ይባል የለ? እኔ ገንፎው ሳይቀርብ ስንጥሩን የምፈልግ ዓይነት ነኝ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እንዲህ የምኩራራበት ጥርጣሬ እህቴን ሊገድላት ጥቂት ስለቀረው ነው።

በአሥር ዓመት የምበልጣት አንዲት እህት አለችኝ። ሞጣ ተድራ እዚያው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሞጣ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ከእኔ እጅ ውጪ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳ አታውቅም። ልኳ ደብተሬ ላይ ስላለ ትደውላለች፣ ጨርቁን በሾፌር ትልካለች፣ እኔም ሰፍቼ በሾፌር እመልሳለሁ። ሰው የወንድምና የእህት ፍቅር ይመስለዋል። ፍቅሩስ አለ፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ልብስ ሰፊ ገላችንን እንዳያይ ነው።

ገላችንን የወረስነው ከአባታችን ነው። ከተወለድን ጀምሮ ሆዳችንና ጀርባችን ላይ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ምልክት አለብን፤ አንዳንዱ የሽምብራ ያህል ነው፣ አንዳንዱ የእንቁላል። እናቴ «ማርያም የሳመቻችሁ ነው» ትለን ነበር። የሌላውን ሰው ልጅ ማርያም አንዴ ብትስመው ነው፤ እኛን ግን ስማ የጠገበችን አይመስልም። ጉርምስና ሲመጣ ደግሞ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በፊት፣ እኛ ፍሬ የምንላቸው ይወጣሉ። ከቆዳ ሥር ያሉ ለስላሳ እብጠቶች ናቸው፤ በጣት ሲነኳቸው ይንሸራተታሉ፣ አያሙም። አባታችን አንገታቸውም ጀርባቸውም ክንዳቸውም በፍሬ የተሞላ ነበር። ሰው በሌለንበት ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ፤ አንዱ የሥጋ ደዌ ነው ይላል፣ አንዱ የዘር እርግማን፣ አንዱ ቡዳ። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሕግ ነበር፤ መሸፈን።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ እንድለምድ አስገቡኝ። ያኔ ሙያ እንዲኖረኝ ያሰቡልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ዛሬ እጠረጥራቸዋለሁ፤ ቤቱ የራሱ ልብስ ሰፊ እንዲኖረው ነው ያደረጉት። እጄ ገና ቀጥ ያለ ስፌት ሳይለምድ አንገቱ እስከ ጆሮ ግንድ የሚደርስ ኮት አሰፉኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት ኮት አልለበሱም። እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከሞጣ የመጡ ጊዜም በሚያዝያ ሙቀት ያንን ኮት እስከ ላይ ቆልፈው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ዘር ቆጠሩ። መጨረሻ ላይ አንደኛው «ደዌስ የለም?» ብለው ጠየቁ። አባቴ «የለም» አሉ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርድ ነበር፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ስፌቴን አደነቅኩ።

እህቴ በተዳረች በሁለተኛው ዓመት አባታችን ታመሙ። ጭናቸው ላይ የነበረው ትልቁ ፍሬ ያስነክሳቸው ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ሐኪሞቹ በቢላ ነክተው ቁራጭ ወሰዱ፣ «ዘግይታችኋል» አሉን። ቁስሉ አልዳነም። ሁለት ወር ሳይሞላቸው አረፉ። እኔ ወዲያው ፈረድኩ፤ የገደላቸው ቢላው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ፍሬ ከእሳቸው ጋር በሰላም ኖሯል፣ የነኩት ለታ ተቆጣ። አርባቸው በወጣ ማግስት እህቴን ለብቻዋ ይዤ ከእነዚህ ፍሬዎች አንዱን እንኳ ቢላ እንዳታስነካ በአባታችን አጥንት አስማልኳት። እኔም አብሬያት ማልኩ። በእኛ አገር በአባት አጥንት የተማለ መሐላ ቀልድ አይደለም። እያለቀሰች ማለች። እኔ ግን ነፍሷን ያተረፍኩላት መስሎኝ ቀለል አለኝ።

አምና ከመስቀል በኋላ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ ሰሞን ደወለች።

«ጋሼ፣ ሰማያዊ ቀሚሴን ልኬልሃለሁ። የግራውን እጅጌ ትንሽ ልቀቅልኝ።»

«የቀኙስ?»

«እሱ ደህና ነው።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ወፍሬ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

መልቀቅ ማለት በስፌቱ ውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ ፈትቶ ማስፋት ነው። ደህና ሰፊ ሁልጊዜ ትርፍ ይተዋል፣ እኔም ትቼ ነበር። ምን ያህል እንደሚጠባት በስልክ ነገረችኝ፤ ደብተሬ ላይ የነበረውን የክንድ ዙሪያ፣ ሠላሳ ሴንቲ፣ ሰርዤ ሠላሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ለገና ሰሞን ቀሚሱ ተመልሶ መጣ፤ ሠላሳ አምስት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ያኔ ትርፉ አልቆ ስለነበር ከብብቱ ሥር ሌላ ጨርቅ ቀጠልኩበት፤ ቀለሙን አመሳስዬ ስለነበር ቅጥሉ ከሩቅ አይታይም። የቀኙ እጅጌ ግን ሠላሳ እንደሆነ ነው።

በአንድ ክንድ ብቻ የሚወፍር ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ መጠርጠር ጀመርኩ፤ የጠረጠርኩትም ባሏን ነው።

ባሏን ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። መሬት አስተዳደር ቢሮ የሚሠራ፣ ንግግሩን እየለካ የሚያወጣ ሰው ነው። ስደውል ስልኩን እሱ ያነሳል፤ «ደህና ናት» ይልና ዝም ይላል። የተደበደበ ክንድ ያብጣል። ደጋግሞ የሚደበደብ ክንድ ደጋግሞ ያብጣል። የሚመታት በቀኝ እጁ ከሆነ ፊት ለፊት ስትቆም የሚያርፈው በግራ ክንዷ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አሰላሁ፤ ስሌቴም በጣም ደስ አለኝ። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሜትሬንና ደብተሬን ይዤ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ግንደወይን ላይ ወርደን ስንፈተሽ ፈታሹ ሜትሬን ከኪሴ አውጥቶ «ምን ልትለካበት ነው?» አለኝ። በሆዴ «የአማቼን አንገት» አልኩ።

ባሏ በር ከፈተልኝ። «እንኳን ደህና መጡ» አለ፣ ፊቱ ግን እንኳን ደህና መጡ አይልም። እህቴ ከስታለች። ወፍሬ ነው ያለችኝ ሴት አንገቷ ቀጥኖ ጉንጯ ጎድጉዷል። ግራ ክንዷን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም፤ ውኃውን ያስታጠበን ባሏ ነው፣ ሽሮውን ያቀረበውም እሱ ነው፣ ለእሷም እንጀራውን እየቆረሰ ፊቷ ያስቀምጥላት ነበር። ሰው ሲያይ ነው አልኩ በልቤ። ከበላሁት ይልቅ እሱን ያየሁት ይበልጣል።

ማዕዱ ሲነሳ ለብቻው ወደ ውጭ ጠራሁትና አጥሩ ጥግ አቁሜ በቀጥታ ጠየቅኩት።

«እጅህን አንስተህባታል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሊስቅ ነው ሊመታኝ ነው፣ አልገባኝም።

«እኔ? እጇን ያሰሯት እርስዎ አይደሉ እንዴ! ይኸው ስድስት ወር፣ ሐኪም ቤት እንሂድ እያልኩ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ወንድሜ በአባባ አጥንት አስምሎኛል፣ እሱ ካልፈታኝ አልሄድም ትለኛለች። እንግዲያውስ ልደውልለት ስላት፣ ከደወልክ ቤቱን ጥዬ እሄዳለሁ ትላለች። እርስዎም ልብሱን እያሰፉ ይልካሉ፣ አንድ ቀን ምን ሆና ነው ብለው አልጠየቁኝም።» ድምፁ ተሰበረ። «እውነቱን ልንገርዎት? እንድትሞትብኝ የሚፈልጉ ነው የሚመስለኝ።»

ለካ እኔ እሱን ስጠረጥር እሱም እኔን ሲጠረጥር ከርሟል። ወደ ቤት ተመለስኩ።

«ክንድሽን አሳዪኝ» አልኳት።

ነጠላዋን አወረደች። በልጅነቷ ክንዷ ላይ የባቄላ ያህል ለስላሳ ፍሬ ነበረቻት፤ አዝያት ስሄድ በጣቴ እያንሸራተትኩ እጫወትባት ነበር። አሁን ከትከሻዋ በታች ያለው ሁሉ ተወጥሯል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። በጣቴ ስነካው አይንሸራተትም፣ ጠጥሯል፤ እሷም ፊቷን አኮማተረች። ሜትሬን አዞርኩ። አርባ አንድ።

«ያምሻል?»

«ያመኛል። ጣቶቼም እየዛሉ ነው፣ የተማሪ ደብተር ይወድቅብኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ብነግርህ መሐላሽን ጠብቂ ልትለኝ አይደል?»

«ታዲያ ቀሚሱን ለምን ላክሽልኝ?»

ነጠላዋን ክንዷ ላይ መለሰች። ከዚያ እያፈረች፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል፣ «ልኩን ታያለህ ብዬ ነዋ» አለችኝ።

ልኩን አይቼዋለሁ። አይቼ፣ ጽፌ፣ ለቅቄላታለሁ። ትርፍ ጨርቅ ሲያልቅ ሌላ ቀጥዬ፣ ቅጥሉ እንዳይታይ ተጠብቤበታለሁ። በዚያች ሰዓት እንደ ተናደድኩት ተናድጄ አላውቅም፤ የምናደድበት ሰው ግን ከራሴ ሌላ አላገኘሁም።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄድን። ለማስታየት ብቻ ነው፣ ማንም በቢላ አይነካትም ብዬ ባሏን አስቀድሜ አስጠነቀቅኩት፤ ጥርሱን ነክሶ እሺ አለኝ። የተቀበለችን ዶክተር የልጄ እኩያ ናት። አንዲት ነገር ሳልናገር «አባባ፣ እዚያ ይቀመጡ» ስትለኝ ጠላኋት። ገና ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የእህቴን ክንድ አየች፤ ከዚያ ጀርባዋንና ሆዷን አስገልጣ ማርያም የሳመቻቸውን ቦታዎች አንድ ሁለት እያለች ቆጠረች። ስድስት ላይ ደርሳም አላቆመችም። ቀጥላ ዞር ብላ እኔን፣ አንገቴን አየች። ቁልፌን ወደ ላይ ቆለፍኩ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ያደገው?»

«ቆይቷል» አለች እህቴ።

«ቆይቷል ማለት? ወር? ዓመት?»

ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጹን ገልጬ ሰጠኋት። ለምን እንደሰጠኋት አላውቅም፤ ምናልባት ልጅቷ የጠየቀችው ልኬት ስለነበረ ይሆናል፣ ልኬት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ጣቷን ከሠላሳ ወደ ሠላሳ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ዘጠኝ እያንሸራተተች ወረደች። እኔም ተቀብዬ ከሥሩ አርባ አንድን ጨመርኩ። ፊቷ ተለወጠ።

ስሙን ነገረችን፤ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ይባላል አለች፤ በወረቀት ጽፋልኝ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ። የሥጋ ደዌ አይደለም፣ ቡዳም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከወላጅ ወደ ልጅ ግን ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ፍሬዎቹ ከነርቭ ላይ የሚበቅሉ ናቸው፤ አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ምንም አያደርጉም።

«ነገር ግን» አለች፣ «ይህ ያለበት ሰው ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ኖሮ ኖሮ አንዱ ፍሬ በድንገት ማደግ ከጀመረ፣ ከጠጠረ፣ ካመመ፣ እጅ ወይም እግር ካዛለ፣ ያኔ መጠርጠር ነው።»

እኔን መጠርጠር የምታስተምር ልጅ! ቁራጭ ተወስዶ መመርመር አለበት፣ ለባሕር ዳር ሪፈር እጽፍላችኋለሁ ስትል ብድግ አልኩ።

«አይነካም። እናውቀዋለን። አባታችንን የገደላቸው እሱ ነው፤ ሰላም የነበረውን ፍሬ ነክተው አስቆጡት።»

አልተቆጣችም። «ከመነካቱ በፊት አያድግም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አያድግም ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

ደብተሬን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እያየችው፣ «የአባትዎን ልብስስ የሚሰፋላቸው ማን ነበር?» አለችኝ።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ለሚስቴ ደወልኩ። አሮጌ ደብተሮቼን አልጥልም፤ ሳጥን ውስጥ ናቸው። አባቴ በሞቱበት ዓመት የነበረውን ደብተር ፈልጊ፣ «አባባ» የሚለውን ገጽ ግለጪ አልኳት። ስትፈልግ ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኩ። የጠረጠርኩት ዶክተሯን ነበር፤ ወጥመድ ውስጥ ልታስገባኝ ነው ብዬ። የማስታውሰው የጭናቸው ልክ፣ ሃምሳ አራት፣ ሳይለወጥ እንደሚገኝ፣ ተመልሼ ገብቼ ፊቷ ላይ እንደምነግራት አውቅ ነበር።

«አገኘሁት» አለች ሚስቴ። «ሱሪ፣ የቀኝ ጭን። ሰኔ፣ ሃምሳ አራት። ነሐሴ፣ ሃምሳ ስድስት፣ ይለቀቅ። ጥቅምት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ይለቀቅ። ጥር፣ ስድሳ አራት፣ ይለቀቅ። ከዚያ በኋላ የለም። ምን ሆነህ ነው?»

ቢላው አባቴን የነካቸው መጋቢት ላይ ነው።

ስልኩን ዘጋሁት። በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው የተጻፈው። «ይለቀቅ» የሚለውን ቃል ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ለቅቄያለሁ፤ ከዚያም ረስቼዋለሁ፤ ረስቼም በሐኪሞቹ ፈርጄ ታናሽ እህቴን አስምያለሁ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ «ይህ ነገር እያደገ ነው» አላሉም፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ «ለምን?» አላልኩም። በሁለታችን መካከል የነበረው ነገር ሱሪው ብቻ ነበር። እዚያ አግዳሚ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ገብቼ «ሪፈሩን ጻፊልን» አልኳት ዶክተሯን። ይሄኔ ደግሞ እህቴ እምቢ አለች።

«ማልኩ እኮ ጋሼ። በአባባ አጥንት።»

«እኔ ነኝ ያስማልኩሽ፣ እኔው ፈትቼሻለሁ።»

«አንተ መች ትፈታለህ? የሚፈታ ካህን ነው።»

በማግስቱ ሦስታችንም የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄድን። ሸምገል ያሉ ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ማን ነው ያስማላት?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባ።»

«ከምን ተነሥተህ?»

«ፈርቼ።»

«ሰው የሚገድል መሐላ እግዚአብሔር ጠብቁልኝ አይልም» አሉ፣ መስቀላቸውን ከደረታቸው እያወጡ። «ሁለታችሁም ተፈትታችኋል። የእሷ ቀኖና ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አንተ ግን አርባ ቀን ትሰግዳለህ።»

እህቴ መስቀሉን ተሳለመች። መልሱ በጣም ተዘጋጅቶ የቆየ ስለመሰለኝ ስንወጣ ባሏን ጎተት አድርጌ «ቀድመህ ነግረሃቸው ነበር?» አልኩት።

«ሦስቴ» አለኝ። «ያስማላት ሰው ራሱ ይምጣ ብለውኝ ነው።»

እንግዲህ ጥርጣሬዬ አንዳንዴ ልክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን።

ባሕር ዳር ቁራጩ ተወሰደ፤ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። ክንዷ ከትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቆረጠ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገውን ሐኪም ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ ገና መስከረም ላይ ብትመጣ ኖሮ ክንዷ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ምናልባት» አለኝ። ሰውዬው ሊያጽናናኝ እንደሆነ ወይም እውነቱን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህችን «ምናልባት» ግን ከአርባ ቀኑ ስግደት በኋላም ይዣት እዞራለሁ። ካንሰሩ ይዛመትበታል ብለው የሚፈሩለት ሳንባዋ እስካሁን ንጹህ ነው። በየሦስት ወሩ ትታያለች። ሐኪሞቹ «እስካሁን» የምትለዋን ቃል ሳይጨምሩ አይናገሩም፣ እኔም ሳልጨምር አልናገርም። ጡቷንም ከሌላ ሴት ቀድማ ማስታየት እንዳለባት ነግረዋታል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇም ምልክቶቹ ስላሉባት ዓመት በዓመት እንድትታይ ብለዋል። የልጅቷን ገጽ በደብተሬ ከፍቻለሁ። ቁጥሩን እኔ እናገራለሁ፣ የምትጽፈው እሷ ናት፤ «አጎቴ፣ በደንብ ለካኸው?» እያለች ሦስቴ ታስለካኛለች። ከማን እንደወረሰችው መጠየቅ አያስፈልግም።

ዘንድሮ ትምህርት ሊከፈት ሲል እህቴ ራሷ ቢቸና ድረስ መጣች። አዲስ ቀሚስ ፈልጋለች። ቀኙን እጅጌ ለካሁ፤ ጻፍኩ። «የግራ እጅጌ» ከሚለው ፊት ለፊት ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ። እሷን ላለማየት እያቀረቀርኩ «ጥጥ ሞልቼበት ጫፉን ኪሱ ውስጥ ብሰፋው ማንም አያውቅም» አልኳት። ይህን ስናገር በሙያዬ ልረዳት የፈለግኩ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ መሸፈኑ ይብቃን» አለችኝ። «ቆርጠህ ዝጋው።»

ሰረዝ አደረግኩበት።

ከዚያ ደብተሩን በአንድ እጇ እየገለጠች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየችው። «ያንተስ ገጽ የት አለ?» አለች። የለም። የራሴን ልብስ በግምት ነው የምሰፋው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ማንም እኔን ለክቶኝ አያውቅም። ቀኝ ባቴ ላይ አንዲት ፍሬ እንዳለችኝ እሷ ታውቃለች። ሱሪዬን አስጠቀለለችኝ፤ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቴ አስይዛ በአንድ እጇ አዞረችው። ሠላሳ ስድስት። «የአባታችን ልጅ» ብላ ገጽ ከፈተችልኝና ቁጥሩንና ቀኑን ጻፈችበት።

ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ምርመራዋ ስትመለስ በእኛ በኩል አለፈች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «እግርህን» አለችኝ። ሱሪው ሲጠቀለል ባቴ ላይ አላልፍ ብሎ ትንሽ ታገለን። ለካችና «ሠላሳ ስድስት ነው፣ እንደ ባለፈው» አለችኝ።

አላመንኳትም። ሜትሩን ተቀብዬ ራሴ ለካሁት፤ ደግሜም ለካሁት።

«ተኩል ናት» አልኩ።

ዝቅ ብላ አየች። «ተኩል ናት» አለች እሷም። ወፍሬ ነው ያለ የለም፣ ሱሪው በእጥበት ጠበበ ያለ የለም። ከፊተኛው ሠላሳ ስድስት ሥር ትክክለኛውን ጻፈችው።

በማግስቱ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ አብሬያት ተሳፈርኩ፤ አባባ የምትለኝ ዶክተር ዘንድ ነው የምሄደው። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሱሪው ባቴን ይዞኝ ነበር። አልለቀቅኩትም።